ጫማዬ ውስጥ የተገኘችው ክዳን

መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው የያዙኝ። የምክር ቤቱን መኪና ከመለስኩ ገና ሦስት ቀኔ ነበር፤ ሰልፍ መያዝ እየለመድኩ ነበር። «ለአንድ ጥያቄ ነው» አሉኝ። አንዱ ጥያቄ አራት ወር ፈጀ።

የወሰዱኝ ፖሊስ ጣቢያ የካ ውስጥ ነው፤ ሁለት ጊዜ ተመርጬ በተወከልኩበት አካባቢ። በሩ ሲከፈት ክፍሉን አወቅሁት። ከዚያ በፊት ከኮሚቴያችን ጋር ለጉብኝት መጥቼ እዚሁ ደፍ ላይ ቆሜያለሁ። ሽታው ከበደኝና አልገባሁም። ሪፖርቱ ላይ «የተጠርጣሪዎች አያያዝ መልካም ነው» ብዬ የጻፍኩት ግን እኔው ነኝ። ከፍ ብላ ካለችው መስኮት የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጫፉ ይታያል። ያኔ እሱንም አላየሁም።

ሳምንት ሙሉ ያናገረኝ የለም። ጠዋት ጠዋት ስንቅ የመጣለት ሰው ስሙ ይጠራል፤ የኔ አይጠራም። ባለቤቴ ካረፈች ቆይታለች፤ ልጄ ሐዋሳ ናት፤ መታሰሬንም አልሰማችም። ወዳጆቼ ደግሞ ያለመከሰስ መብቴ በሙሉ ድምፅ ሲነሣ እጃቸውን አውጥተዋል። አምስት ዓመት አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ቀድሞ ነው ያወጣው። አልፈርድበትም፤ እኔም በሌላ ሰው ላይ አውጥቻለሁ። ቢሆንም አንጀቴ አርሯል። ብቸኝነት እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ከዚያ ምርጫ መጣ። የክፍሉ አለቃ፣ ካቦ የሚሉት፣ በየወሩ ይመረጣል። ማን የት እንደሚተኛ የሚወስነው እሱ ነው። መስኮቱ ሥር አየር አለ፤ ሽንት ቤቱ በር ሥር መተኛት ቅጣት ነው። የነበረው ካቦ የመገናኛ ተራ አስከባሪ ነበር፤ ድምፁ ጎርናና፣ ቂሙ ረጅም። አንዱ ለቀልድ «የሕዝብ ተወካይ እያለልን!» ብሎ ጠቆመኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። አይ የምርጫ ሱስ! ተነሣሁ፤ ይባስ ብዬ ንግግር አደረግሁ።

የእነሱ አመራረጥ እንዲህ ነው። ጥግ ላይ ብርድ ልብስ ይጋረዳል። ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ገብተው አንድ አንድ እግር ጫማቸውን ያስቀምጣሉ። ከዚያ ሌላው ሰው ተራ በተራ እየገባ የውኃ ፕላስቲክ ክዳን በመረጠው ሰው ጫማ ውስጥ ይጥላል። ተወዳዳሪ ለራሱ ሹልክ አድርጎ መጣል ነውር ነው፤ የጣለ ሽንት ቤቱ በር ሥር ይተኛል።

ጫማዎቹ ወጡ። የካቦው ሸራ ጫማ ጢም ብሏል። የኔን የስብሰባ ጥቁር ጫማ ሲደፉት አንዲት ሰማያዊ ክዳን ዱብ አለች። ክፍሉ በሳቅ አወካ።

«ይቺንማ ራሱ ነው የጣላት!» አለ አንዱ።

እኔ አልጣልኳትም። እፍረቱ መሐል እንኳ ደስ አለኝ፤ አንድ ሰው አለኝ ማለት ነው።

ካቦው ግን አልሳቀም። «አንተ ነህ የጣልካት?» አለኝ። «አንተ ካልሆንክ የማን እንደሆነች አጣራለሁ።»

ዓይኑ ከአንዱ ወደ አንዱ ዞረ። ሰዉ ሳቁን ዋጠ። እውነቱን ብናገር ነውሩ ከኔ ይወርዳል፤ ያ ማንነቱን የማላውቀው ሰው ግን ቦታውን ያጣል።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

የዚያን ቀን የተሳቀብኝን ያህል በሕይወቴ ተስቆብኝ አያውቅም። ብርድ ልብሴን ጠቅልዬ ሽንት ቤቱ በር ሥር ሄድኩ።

በማግስቱ ስም ተጠርቶ ሲያበቃ አስም ያለባቸው የካራ ሰፈር ሽማግሌ ከመስኮቱ ሥር ተነሥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ዳቧቸውን ለሁለት ገመሱ።

«ይብሉ» አሉኝ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለምን ዋሹ?»

«እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«ቢሮዎ ሦስት ጊዜ መጥቼ ነበር፤ ለሰፈራችን ውኃ። ስብሰባ ላይ ናቸው አሉኝ።»

ስብሰባ ላይ አልነበርኩም። «ታዲያ ምነው መረጡኝ፣ አባባ?»

«ኧረ እኔስ ካቦው ይሻላል ባይ ነኝ» አሉ እያላመጡ። «ግን የሰው ጫማ ባዶውን ሲወጣ ማየት ይከብዳል።»

ሳል ያዛቸው። ወደ መስኮቱ እንዲመለሱ ለመንኳቸው፤ ዳቦው እስኪያልቅ ድረስ ግን አልተነሡም።

ከተፈታሁ ቆየሁ። ቀበና ብቻዬን እኖራለሁ፤ ስልኬም ብዙ አይጮኽም። ካራ ድረስ ሄጄ ሽማግሌውን ፈልጌአቸው ነበር። ልጃቸው በር ከፈተችልኝ፤ እሳቸው የሉም፣ አርፈዋል። ግቢው ውስጥ ቢጫ ጄሪካኖች ተደርድረዋል። ውኃው እስካሁን አልገባም።

የውኃውን ማመልከቻ እኔው ጻፍኩት። ይዤው ወረዳ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። በር ላይ ያለችው ልጅ ማን እንደነበርኩ አታውቅም፤ «ስብሰባ ላይ ናቸው፣ አባባ» ትለኛለች። እሺ ብዬ አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ። ሐሙስ ደግሞ እሄዳለሁ።