ከጠርሙሱ ታች የቀረው

ዓባይነሽን ለማታውቋት ልንገራችሁ። እዚህ ቡሬ፣ በእኛ ሰፈር፣ ጠላ ጠምቆ በቢራ ጠርሙስ የሚያሽግ እሷ ብቻ ናት። አጥልላ ትሞላዋለች፣ ግጥም አድርጋ ትከድነዋለች፣ ከዚያ ከአልጋዋ ሥር አቁማ ዐሥር ቀን አትነካውም። አተላው ታች ይተኛል፣ ላዩ ኮለል ይላል። በእነዚያ ቀናት አልጋውን የነቀነቀ ሰው ወዮለት! እኔን ጎረቤቷን እንኳ ስንቴ አባርራኛለች።

ባሏ ሰይፈ አምና ሞተ። የሚካኤል ማኅበርተኞች "እስቲ ትረፍ፣ ብቻዋን እንዴት አድርጋ ትደግሳለች?" አሉ። አዛኝ መሆናቸው ነው እኮ! ከማኅበሩ ሊያስወጧት እንደሆነ ገብቷታል። "ይችን ኅዳር ብቻ ስጡኝ፤ ካላማረ እወጣለሁ" ብላ ለምና ተራውን ወሰደች።

ቀኑ ደረሰ። ልትቀዳ ስትል ካህኑ ጠሯትና ጠርሙሱን ለእኔ አቀበለችኝ። "ቀስ ብለሽ፤ ከታች አንድ ጣት ያህል አስቀሪ" ብላኛለች። እኔ ግን ምን እንደነካኝ እንጃ! ፊቴ የተቀመጡት የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴው አያ ክንፈሚካኤል ናቸው። ለእሳቸው አስቀርቶ መቅዳት ነውር መስሎኝ ጠርሙሱን ዘቀዘቅሁት። ብርጭቆው ድፍርስርስ አለ። አያ ክንፈሚካኤል ብርጭቆውን አዩ፤ ከዚያ አጠገባቸው ያለውን ሰው አዩ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ዓባይነሽ መጣች። አልተቆጣችኝም። ብርጭቆውን ከፊታቸው አንሥታ እንደቆመች ጨለጠችው። ሌላ ጠርሙስ ከፍታ ቀዳችላቸው፤ ጠላው ከመጥራቱ የተነሣ ብርጭቆውን የያዙበት ጣታቸው በማዶ ይታይ ነበር። ታች ሲደርስ ጠርሙሱን ቀና አደረገችው።

"ምነው፣ አስቀረሽ?" አሉ አያ ክንፈሚካኤል።

"የታቹ የኔ ነው፣ አያ። ሃያ ዓመት ሙሉ ለእናንተ ከላይ እየቀዳሁ አተላውን የጠጣሁት እኔ ነኝ። ሰይፈ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ቀን ጠምቆ አያውቅም።"

አያ ክንፈሚካኤል ጠጡ። "ድገሚኝ" አሉ፤ ደገመቻቸው። ከዚያ ወደ ማኅበሩ ጸሐፊ ዞር ብለው፣ "ከሰይፈ ስም ሥር ጻፋት። የሰይፈ ሚስት ብለህ አይደለም፤ ዓባይነሽ ብለህ" አሉት።

እኔ ማድቤት ገብቼ ማልቀስ ጀመርሁ። እሷም ባዶ ጠርሙሶቿን እንዳቀፈች ተከትላኝ ገባች፤ ዓይኗ እንደኔው ርሷል።

"አንቺ ደግሞ!" አለችኝ፤ "ሁለተኛ ጠርሙሴን እንዳትነኪ።"