ሱልጣን መካን አልነበረም

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም። ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ዘርዝሬ እዚህ ላይ ስደርስ ጉሮሮዬን እጠርግና ዝም እላለሁ። ምን ልበላቸው? «አባቴ፣ የአውራ ዶሮ ስም አጥፍቻለሁ» ተብሎ ንስሐ ይገባል? እንግዲህ አንባቢዬ፣ አንተው ስማኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። ጅጅጋ ነርስ ሆኜ ተመድቤ ነበር። ጎረቤቴ ኤዶ ፋጡማ ይባላሉ፤ «ኤዶ» በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ነበር የሚጠራቸው። ወተት ነጋዴ ናቸው። ባል ሞቶባቸዋል፣ ልጆቻቸው ርቀዋል፤ የቀራቸው ኩራት ሱልጣን የሚባል አንገቱ ላይ ላባ የሌለው ቀይ አውራ ዶሮ ነው። በከተማው እንደሱ ያለ አንገተ መላጣ አልነበረም። ሲጮኽ የጦር ሰፈሩ ጡሩምባ ያፍራል።

እኔ ደግሞ ዐዋቂ መባል እወድ ነበር። ደብረ ዘይት የዶሮ እርባታ የሚሠራ ወንድሜ ጋ ያየሁትን አስታውሼ፣ ከባዶ የጥይት ሣጥን የእንቁላል መፈልፈያ ሠራሁ። ከሥር ፋኖስ፣ ከላይ ጭድ፣ ከጎኑ ውኃ የሞላ ጣሳ። ወንድሜ አስጠንቅቆኛል፦ አየሩ ደረቅ ከሆነ ጣሳው ለአንድ ሰዓትም ባዶ መሆን የለበትም፣ በተለይ የመፈልፈያው ቀን ሲደርስ። ጅጅጋ ደግሞ በጥር ያጠቡት ልብስ ሳይሰጣ የሚደርቅበት አገር ነው። ይህን አውቅ ነበር። ማወቄን ልብ በልልኝ።

ኤዶ የዶሮዎቻቸውን እንቁላል ሰጡኝ፤ ጫጩቶቹን እኩል ልንካፈል።

እንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ ሲቃረቡ የሥራ ባልደረባዬ ሐረር ሠርግ ጠራችኝ። ያን ሰሞን ውኃ ጠፍቶ ቤቴ ውስጥ ያለኝ ለጣሳው ያስቀመጥኳት አንድ ጀሪካን ብቻ ነበረች። እንቁላሉን አየሁ፣ ፀጉሬን በመስታወት አየሁ። እኔ ነኝ ያየሁት፣ እኔ ነኝ የመረጥኩት። ጀሪካኗን ለፀጉሬ ጨረስኳት፣ በቢጉዲን ጠቀለልኩና «ለአንድ ቀን ምን ይሆናል?» ብዬ ሄድኩ።

በማግስቱ ስመለስ ፋኖሱ አልጠፋም። ጣሳው ግን ደርቆ ዝገት ብቻ ቀርቶታል። ጫጩቶቹ ቅርፊቱን በምንቃራቸው በስተው ነበር፤ የውስጡ ስስ ሽፋን እንደ ወረቀት ደርቆ ተጣብቆባቸው ግማሽ መንገድ ላይ ቀርተዋል። ሁሉም አንገታቸው መላጣ ነው። አለቀስኩ፤ አዎ። ግን እያለቀስኩም ከኩሽናው ጀርባ ጉድጓድ እቆፍር ነበር። ንጹሕ ሰው እያለቀሰ ማስረጃ ይቀብራል?

ማታ ከሥራ ስመለስ ኤዶ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ጫጩት የታለ ልጄ?»

«ኤዶ፣ እንቁላሉ ዘር የለውም።»

«ምን ማለት ነው?»

ነጭ ጋውኔን እንደለበስኩ ነበር። ለታማሚ ክፉ ወሬ በምነግርበት ድምፅ፣ «ሱልጣን መካን ነው» አልኳቸው።

ኤዶ ሱልጣንን ዞር ብለው አዩት። አጥር ላይ ቆሞ ደረቱን ነፍቷል። «ወላሂ?» አሉ ቀስ ብለው። «ታዲያ ይሄ ሁሉ ጩኸት ለምንድን ነው?»

ወሬው ከወተት ቀድሞ ገበያ ገባ። ሱልጣን በጮኸ ቁጥር የሻይ ቤቱ ወንዶች በሳቅ ይፈርሳሉ። ኤዶ ውርደቱን አልቻሉትም። አንድ ጠዋት እግሩን አስረው ይዘውልኝ መጡ። «እኔ ባርድልሽ አትበዪም፣ ክርስቲያን ነሽ። ከነነፍሱ ውሰጂው። በኔ ዶሮ የተነሳ ብዙ ደከምሽ» አሉኝ።

እዚያ ላይ አፌን መክፈት ነበረብኝ። «አመሰግናለሁ» ለማለት ከፈትኩት። የግቢያችን ዘበኛ ባረከልኝ፣ ወጥ ሠራሁት። በዓል እንኳ አልነበረም!

ብዙም አልቆየ፣ ከኤዶ ዶሮዎች አንዷ ከማገዶ ክምር ሥር ወጣች። ተደብቃ ታቅፋ ኖሯል። ከኋላዋ የጫጩት ሰልፍ፤ አንገታቸው በሙሉ መላጣ።

ኤዶ በሩጫ ጠሩኝ። «አንቺ ሐኪም ነሽ፤ ንገሪኝ እስቲ። የእነዚህ አባት ማነው?»

ጊዜ ነበረኝ። እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እኔ ግን ምን አልኩ? «እናትየዋ ወደ ሌላ ሰፈር ሳትሄድ አልቀረችም» አልኩ። የአባትየው አልበቃኝ ብሎ የእናትየዋንም ስም አጠፋሁ።

ኤዶ ጫጩቶቹን አዩ፣ እኔን አዩ። «እሺ፤ ሐኪም ካለች» አሉና ሁለት ጫጩት አንስተው በእጄ ላይ አኖሩልኝ። ድርሻሽ ነው አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሲታመሙ መጥተው በእኔ እጅ መርፌ ይወጋሉ፣ ወተት ይልኩልኛል፤ ስለ ዶሮ ግን አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። ዐውቀው ነበር? ይህን ለመጠየቅ ድፍረት ሳላገኝ ወደ ድሬዳዋ ተዛወርኩ። እሳቸውም ከዓመታት በኋላ ማረፋቸውን ሰማሁ።

ልጅ ነበርኩ አልልም፤ አልነበርኩም። ውኃ ጠፍቶ ነው አልልም፤ ውኃውማ ራሴ ላይ ነበር። ኤዶ፣ ይቅር በሉኝ። ሱልጣንን ግን ይቅርታ ልጠይቀው ብልም አፌ አይታዘዘኝም፤ ምክንያቱም አንድ ያልተናዘዝኩት ቀርቶኛል፦ ያን ቀን ጸጸቱ ጉሮሮዬን አልዘጋውም። እንዲያ የጣፈጠኝ ወጥ ከዚያ ወዲህ በልቼ አላውቅም።