አንሺና አጣቢ

ሰው በየቤቱ በሚታፈስበት ዘመን ወታደሮች ከፎቶ ስቱዲዮዬ ሲይዙኝ ካሜራዬንም አብረው ወሰዱት። ያስገቡኝ ክፍል ሠላሳ ሰው የታጨቀበት ነበር፤ የላብና የእግር ሽታው ፊት ይመታል። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ መጀመሪያ ያየሁት ማንን መሰላችሁ? የከተማችንን የሥዕል አስተማሪ!

"ውይ፣ አንተም መጣህ?" ብሎ ጠጋ አለና ቦታ ለቀቀልኝ። እስር ቤትም ውስጥ ደግ ነው፤ ይኸም ያናድደኛል።

ይህ ሰው በተዋሰው ካሜራ የጣናን ታንኳዎች በማለዳ አንስቶ፣ ፎቶው ትልቁ ሆቴል ውስጥ ተሰቀለ። ያየው ሁሉ "እጅህ ይባረክ" ይለዋል። ብርሃኑን ሳይለካ ያነሳውን ፊልም አጥቤ ከጉድ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስሜን የጠየቀ ግን አንድ ሰው የለም። ቀናሁ። እርር ድብን ብዬ ቀናሁ።

በሦስተኛው ሳምንት አዛዡ ካሜራዬን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በር ላይ ቆመ። "ለእስረኞች ፋይል ፎቶ የሚያነሳ እፈልጋለሁ" ሲል ብድግ አልሁ። እሱ ግን ወደ አስተማሪው ዞረ።

"የሆቴሉን ፎቶ ያነሳኸው አንተ አይደለህ? ና።" ለእኔ ደግሞ፣ "አንተ ታጥባለህ።"

በገዛ ካሜራዬ!

ግቢ ውስጥ ተሰለፍን። ከዱርቤቴ የመጡ አዛውንት ገበሬ ተራቸው ደረሰ። እሳቸው በማግስቱ ወደ ሌላ ቦታ እንደሚወሰዱ ሁላችንም ሰምተናል፤ ከዚያ የተመለሰ አልነበረም።

"ልጄ፣ ፎቶ ተነስቼ አላውቅም" አሉት አስተማሪውን። "ምናልባት ልጆቼ ቢያዩት፣ ሌባ እንዳልመስል አድርገህ አንሳኝ።"

"አባባ፣ ጤፍዎ ዘንድሮ እንዴት ነበር?"

"ጤፌማ!" ብለው ቀና ሲሉ፣ ካሜራውን ቀጭ አደረገው። እኔ ብሆን "አገጭ ከፍ፣ እንዳይንቀሳቀሱ" ነበር የምላቸው።

በማግስቱ ጠዋት አዛውንቱ ተወሰዱ። እኔ በወታደር ታጅቤ ግሽ አባይ ሰፈር ወዳለው ስቱዲዮዬ ሄድሁ። ፊልሙን ሳጥበው የሳቸው ምስል ብርሃን በዝቶበታል። ሰልፉ ከጥላ ወደ ፀሐይ ሲዞር አስተማሪው ካሜራውን አላስተካከለም፤ የጀማሪ ስሕተት! ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ። ዝም ብዬ ባትመው ፊት የሌለው ነጭ ወረቀት ይወጣል፤ ባለሙያው ማን እንደሆነ አዛዡም ያየዋል።

"ልጆቼ ቢያዩት" ያሉት ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለ። የማተሚያውን ብርሃን እያስረዘምሁ ሦስት ወረቀት አበላሸሁ። በአራተኛው ላይ፣ ወረቀቱ የማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ እንዳለ፣ መጀመሪያ ግንባራቸው መጣ፣ ከዚያ ዓይናቸው። ስለ ጤፋቸው ሊያወሩ የተነሡ ሰው ናቸው። ወታደሩ ደጅ ሲያፏጭ አንድ ትርፍ አተምሁና ከመደርደሪያው ጀርባ ሸጎጥሁት።

ስፈታ ፎቶውን ይዤ ዱርቤቴ ሄድሁ። ትልቋ ልጃቸው አየችው፣ ደረቷ ላይ አደረገችው፣ አለቀሰች።

"አባዬን ቁርጥ! እርስዎ ነዎት ያነሱት?"

ምላሴን በላኝ። "አይደለሁም" አልሁ። "አንድ የሥዕል አስተማሪ ነው።" ስሙንም የሚገኝበትንም ነገርኋት። ማን እንዳጠበው አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኋት።

አስተማሪውም ተፈታ፤ ዛሬ ሁለታችንም ሸምግለናል። እስካሁን እቀናበታለሁ፣ ምን ይደረግ! በየዓመቱ መኸር ሲገባ ከዱርቤቴ ጤፍ ይላክለታል። ያን ጊዜ ያስጠራኛል፤ አብረን እንበላለን። እውነትም ጤፋቸው ጥሩ ነው።