ጥናቱ አርዲቦ ደረሰ

ዝናው የቅሬያችን ጠሪ ነው። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ባለችው መንደራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚቀባበረው በአንድ ቅሬ ነው። ሰው ሲሞት ዝናው ጉብታው ላይ ወጥቶ ይጣራል፣ አገሩ ይወጣል። የቀረ ይቀጣል ይባላል እንጂ ሲቀጣ አይቼ አላውቅም ነበር። ዝናው ከቀብር መልስ የቀረው ሰው ቤት ይሄድና ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ፣ «ምን ሆንክብኝ?» ይለዋል። የሰማውን ግን ለስብሰባው አያወጣም፤ «አሞት ነው» ብሎ ይዘጋዋል። የስንቱን ገመና በሆዱ ይዞ ሃያ ዓመት እንዲህ ኖረ።

አብዱልመናን የሚባል የማኔጅመንት መምህር ለዶክትሬቱ ሲመጣ ይሄ ነገር ማረከው። ሰው ያለ ቅጣትና ያለ ፊርማ እንዴት ይሰበሰባል ብሎ ሦስት ወር ከዝናው ጋር ዋለ። እንዳልዋሽ፣ ጨዋ ልጅ ነው። ዝናውም ወደደውና ምሳሌ ሲጠይቀው የወልዴን ነገር አጫወተው። ወልዴ አንድ ጊዜ ከቀብር የቀረው ልጁ እድላዊት ከዐረብ አገር ያለ ባል አርግዛ የመጣችበት ዕለት ስለነበረ ነው። ለመንደሩ ባሏ እዚያው ቀርቷል ተብሏል። እውነቱን ከቤተሰቡ ሌላ የሚያውቀው ዝናው ብቻ ነበር። የተማረ ሰው የጻፈውን የሚያነበው የተማረ ሰው ብቻ መስሎት ተናገረ። አልፈርድበትም፤ እኔም ብሆን እንደዚያው ይመስለኝ ነበር።

ለሁለት ዓመት እውነትም ማንም አላነበበውም። መምህሩን ያንገበገበው ይሄው ነው። «ጋሽ ዝናው፣ ይሄን ያህል ለፍተን መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣ?» አለው በስልክ። ከዚያ ጥናቱን ለሰፊው ሕዝብ ይደርሳል ብሎ ቀለል አድርጎ ጻፈው። ውጫሌ ላይ ለኃላፊዎች ሥልጠና ተሰጠበት፣ በሬዲዮም ቀረበ።

ደረሰና! መብራት ጠፍቶ ወፍጮ ቤት ደጅ ወረፋ ይዘን ቁጭ ብለናል፤ አንዱ ስልኩ ላይ ሬዲዮ ከፍቷል። የአርዲቦ ቅሬ ተባለ እንጂ የማንም ስም አልተጠራም። «አንድ አባል፣ ሴት ልጁ ከዐረብ አገር ያለ ባል አርግዛ በመመለሷ...» ብቻ ነው ያለው። ከመንደራችን ግን ከዐረብ አገር የተመለሰች ሴት አንዲት ናት፤ እሷም እዚያው ወረፋ ላይ ነበረች። እድላዊት እህሏን ጥላ ልጇን አዝላ ሄደች። በሳምንቱ ከመንደሩ ወጣች ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬዋ የለም።

ወልዴ አልተሳደበም። ዝናው ይቅርታ ሊጠይቀው ሲሄድ፣ «እኔስ ለአንድ ሰው የነገርኩ መስሎኝ ነበር» ብሎት ገባ።

ከዚያ በኋላ ዝናውን ደጃፉ ላይ የሚያስቀምጠው ጠፋ። ሰዉ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ «ደህና ነን፣ ምንም አልሆንን» ይለዋል። እሱም መጠየቁን ተወ። ቅሬው መዝገብ ገዛ፤ ያልመጣ ሰው «ቀሪ» ተብሎ ይጻፍበት ጀመር። ውጫሌ ሥልጠናው አሁንም አለ፤ «የደጃፍ አመራር» ብለው ስም አውጥተውለታል አሉ። ይሄን ስሰማ ብግን አልኩ።

ባለፈው ጥር እትዬ ሙሚና ከአንድ ቀብር ቀሩ። ልጅ የላቸውም፣ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። «ቀሪ» ተብሎ ተጻፈባቸው። በሦስተኛው ቀን ፍየላቸው አላስቀምጥ ስትል ጎረቤት በሩን ገፍቶ ገባ። እግራቸው ተሰብሮ አልጋቸው ሥር ወድቀዋል። ነፍሳቸው ወጥታለች፤ ሰውነታቸው ግን ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

ዝናው ወጥቶ ተጣራ። መንደሩ በሙሉ ወጣ፣ አንድም ሰው አልቀረም። ከቀብር ስንመለስ ከኔ ጋር ነበር።

«የቀሩ ዕለት ደጃቸው ድረስ ሄጄ ነበርኮ» አለኝ።

«ታዲያ?»

«ደግሞ የኔን ጉድ ሊያስጽፍ መጣ ይሉኛል ብዬ፣ ሳልጠራቸው ተመለስኩ።»