ውሃ የጠጣ ሲሚንቶ

ያንን ሰውዬ ዛሬም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል። የአገሬ ልጅ ነው። ደቡብ ሱዳን፣ ጁባ የዓባይ ወደብ አጠገብ ትልቅ መጋዘን ነበረው፤ ሲሚንቶና ቆርቆሮ በጅምላ ይሸጣል። እኔ እዚያው ጁባ፣ ንያኩሮን ሰፈር ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት ነበረችኝ።

ጦርነቱ በተነሳ በዓመቱ፣ ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ ቦቴ የሚያመጣልንን ውሃ የማጠራቅምበት ሮቶ ገዛሁ። ማቆሚያውን በብሎኬት አራት ምሶሶ አስገነባሁ። ሲሚንቶውን የወሰድኩት ከሱ ነው፤ ያገር ሰው አይከዳኝም ብዬ።

ሮቶው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞላ አንዱ ምሶሶ ከወገቡ ተቆረጠ። ሥሩ ድስት ታጥብ የነበረችው ወጥ ሠሪዬ ነበረች፤ ጋምቤላ ያደገች ደቡብ ሱዳናዊት፣ አማርኛዋ ከኔ የማይተናነስ። ውሃውም ሮቶውም እግሯ ላይ ወረደ። ሐኪሙ አጥንቱ ሁለት ቦታ መሰበሩን ነገረን። እሷ ስታለቅስ የምትጠይቀኝ መቼ ወደ ሥራ እንደምትመለስ ብቻ ነበር።

ከሐኪም ቤት ስመለስ ከፍርስራሹ ላይ የብሎኬቱን ማያያዣ አነሳሁ። በጣቶቼ መሃል አሸዋ ሆኖ ፈሰሰ። ግንበኛው በትክክል እንዳቦካው ማለልኝ። አመንኩት፤ ሲያቦካ አጠገቡ ቆሜ ነበርና።

በማግስቱ ወደብ ሄድኩ። ከመጋዘኑ ጀርባ የቀን ሠራተኞች ድንጋይ የሆነ ሲሚንቶ በመዶሻ ይፈልጣሉ። ሴቶች የተፈለጠውን በወንፊት ይነፋሉ። ሌሎች አዲስ ከረጢት ውስጥ ሞልተው አፉን ይሰፋሉ። አንዱን ጫኚ ጠየቅኩት። ዕቃው በጀልባ ወደ ሰሜን ሊሄድ የነበረ ነው አለኝ፤ በጦርነቱ መንገዱ ሲዘጋ እዚያው ቀረ፣ ጣሪያው ሲያፈስበት ከረመ።

ሰውዬው ወንበር ሳበልኝ፣ ለስላሳ አስመጣልኝ። ስለ ልጅቷ ስነግረው «ማሌሽ» አለ፣ ምንም አይደል ለማለት፣ ጀበና እንደሰበርኩ ሁሉ። ከዚያ በረጋ ድምፅ አስረዳኝ፦

«እህቴ፣ ሲሚንቶ ዱቄት ነው። ጠጠረ፣ አስፈጨነው፣ ተመልሶ ዱቄት ሆነ። ምኑ ጎደለ?»

ሳይማር ቀርቶ ቢሆን በተውኩት። በረዶ ቢቀልጥ ያው ውሃ ነው፤ ጨው ቢሟሟ ውሃው ሲተን ጨውነቱ ይመለሳል። ይኼን ሁለታችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ሲሚንቶ ግን ውሃ ሲያገኝ ሌላ ነገር ይሆናል፣ ወደ ኋላም አይመለስም። እሱም አሳምሮ ያውቃል። ባያውቅ ኖሮ ደህናውን ከፊት ደርድሮ ይኼን ከጀርባ አያሰፋም ነበር።

«ይኼ ሲሚንቶ አይደለም» አልኩት። «የድንጋይ ብናኝ ነው። ሥራውን አንዴ ሠርቶ ጨርሷል።»

ፈገግ ብሎ ወጤ ሳያርርብኝ ብመለስ እንደሚሻለኝ ነገረኝ።

ኮሎሎ መንገድ ካለ ሱቅ ደህና ሲሚንቶ ገዝቼ፣ ከሱ ወስጄ የተረፈኝንም ይዤ ወደ መጋዘኑ ተመለስኩ። በሩ ላይ፣ ገዢ በሚመላለስበት፣ ያንንም ይኼንንም በሁለት ሳህን አቦካሁ። ሰው ከበበኝ። ዘበኛው ሊያባርረኝ መጥቶ ሰዉን ሲያይ ተመለሰ። ሳህኖቹን ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጥ ሴትዮ ዘንድ አሳደርኩ።

ጠዋት ስመጣ ከጠበቅኩት በላይ ሰው ቆሟል። የኮሎሎውን በማንኪያ ስመታው ጮኸ። የሰውዬውን በጥፍሬ ጫርኩት፤ ተፈረፈረ። እየተቀባበሉ በእጃቸው አሹት። አንድ ሰው፣ ለትምህርት ቤት ክፍል ግንባታ መኪና ሙሉ ያስጫነ፣ ሁሉንም አስወረደ።

ማታውኑ ያገራችን ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። በባዕድ አገር የወገንን ገመና አደባባይ ማውጣት ነውር እንደሆነ ነገሩኝ። እኔም የተሰበረው የማን እግር እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አንዱ ጋቢውን ሰብስቦ ተነሳ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ሰውዬው በኋላ የህክምናዋን ወጪ በነሱ በኩል ላከ፤ ራሱ መጥቶ ግን አንድ ቀን ይቅርታ አላላትም።

ልጅቷ ክራንቿን ጥላ ሥራ ስትጀምር እግሯ አጥሮ ነበር። ሮቶውን መሬት ላይ አስቀመጥነው፣ ውሃውን በባልዲ እንቀዳለን።

አንድ ቀን በወደቡ ሳልፍ መጋዘኑ ባዶ ሆኖ አየሁት። የተበላሸውን ሲሚንቶ ጣለው ብዬ ደስ አለኝ። ሻይ ሻጯ ግን በከባድ መኪና ጭኖ ወደ ሌላ ከተማ እንደላከው ነገረችኝ። የትኛው ከተማ እንደሆነ አታውቅም። እኔም እስከ ዛሬ አላወቅኩም፤ በማን ራስ ላይ ግድግዳ ሆኖ እንደቆመም።