አጎቴ የሞሉት ጥይት

አጎቴ ገብረ መድህን አሰላ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ቶርኖ ላይ ብረት ሲቀርጹ የኖሩ ሰው ናቸው። የማይታዘዝላቸው ብረት የለም፤ ይህንንም ሳትጠይቋቸው ይነግሯችኋል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው ጥይት መሙላት ሆነ። ከአባታቸው ለወረሱት ቤልጅግ ጠመንጃ የሚሆን ጥይት ከገበያ ስለጠፋ፣ ተኩሰው የጣሉትን ቀለህ ይለቅሙና አንገቱን አጥብበው ባሩድና እርሳስ ይመልሱበታል። ከዚያ እያንዳንዱን በራሳቸው ቤልጅግ አስገብተው ይፈትኑታል። እዚያ ያልገባ ጥይት ከቤታቸው አይወጣም።

በየፋሲካው አሥር አሥሩን ጎበሳ ላሉት ጓደኛቸው ለጋሽ ሣህሌ ይወስዱ ነበር። የጋሽ ሣህሌም ጠመንጃ ቤልጅግ ነው። ጋሽ ሣህሌ ጥይቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው "እግዜር ይስጥልኝ" ይላሉ፤ ግን አይተኩሱም። ከርከሮ ድንቻቸውን ገልብጦ ሲጨርሰው እንኳ ቆርቆሮ ይደበድባሉ እንጂ አይተኩሱም። አጎቴ ደግሞ ዝም ብለው የሚያልፉ ሰው አይደሉም፤ በሰው ፊት፣ ገበታ ላይ፣ "ሣህሌ ዝናሩን የሚታጠቀው ለጌጥ ነው፤ ከርከሮ ይፈራል" ይሉ ነበር። ቤቱ ይስቃል። እኔም ስቄያለሁ፤ አሁን ሳስበው ያመኛል።

ባለፈው ኅዳር ጋሽ ሣህሌ ዐረፉ። አጎቴን መኪና ነድቼ ጎበሳ አደረስኳቸው። በዚያ አገር የሟች ጠመንጃ ሦስት ጊዜ ካልጮኸ ሰውየው እንደ ሰው አልተሸኘም። ዛሬ ያለ ፈቃድ መተኮስ ስለማይቻል ቀበሌው ሦስት ጥይት በጋሽ ሣህሌ ጠመንጃ ቁጥር እንዲተኮስ ፈቅዶ ነበር። ቤተሰቡ አጎቴ እንዲተኩሱ መረጠ።

አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ አጎቴ ከሟቹ ዝናር ራሳቸው ከሞሉት አንድ ጥይት መዘው አጎረሱ። ማቀባበያው አልዘጋ አለ። ሌላ ሞከሩ፤ ያው ነው። "ዝጎ ነው" አሉ። አልዛገም፤ ጋሽ ሣህሌ ጠመንጃቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን ነበር የሚጠብቁት። ያንኑ ጥይት ትከሻቸው ላይ ባንጠለጠሉት በራሳቸው ቤልጅግ ሞከሩት፤ ሰተት ብሎ ገባ። ግራ ገባቸው። አንድ ዓይነት ጠመንጃ፣ አንድ ዓይነት ጥይት። ሁለቱን እያገላበጡ ሲያዩ ለቀስተኛው ቆሞ ጠበቀ።

"በእኔው ልተኩሰው" አሉ።

"አይቻልም ጋሼ፤ ፈቃዱ በዚያኛው ቁጥር ነው" አለ ሚሊሻው ቱሳ።

የሟቹ ባለቤት እትዬ ብርሃነሽ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ጋሽ ገብረ መድህን፣ አይድከሙ። እርስዎ ካመጡት አንዱም ገብቶ አያውቅም።"

"ምን ማለት ነው?"

"ገና በመጀመሪያው ዓመት አውቆታል። 'በደከመ ዓይኑ ሠርቶ ካሰላ ድረስ ተሸክሞ መጣ፤ አይገባም ብዬ በምን አፌ ላሳፍረው' አለኝ። ሣጥን ሙሉ አስቀምጦታል።"

አጎቴ ያኔ ገባቸው። ቀለህ ሲተኮስ ያብጥና የተኮሰውን ጠመንጃ ልክ ይይዛል፤ ጫማ የሰውየውን እግር እንደሚይዝ ማለት ነው። እሳቸው ያጠበቡት አንገቱን ብቻ ነው፤ የፈተኑትም በራሳቸው ጠመንጃ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ሠላሳ ዓመት ብረት የሠራ ሰው ይህን እንዴት እንደሳተው እኔም አላውቅም፣ እሳቸውም አያውቁም።

ወደ ለቀስተኛው ዞሩ። "ሣህሌ ከርከሮ አልፈራም" አሉ። "የማይሆን ጥይት የሰጠሁት እኔ ነኝ። ፈሪ ያልኩትም እኔው ነኝ።" ጋሽ ሣህሌ ሳይተኮስላቸው ተቀበሩ።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ንፍሮውን በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ። "ወዶኝ ነው ወይስ ታዝቦኝ?" ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ ወደ እትዬ ብርሃነሽ ዞሩ።

"ሌላስ? ማረሻ ሠርቼለት ነበር። የበሩን ማጠፊያም ሠርቼለታለሁ። እነሱስ?"

"ኧረ እነሱስ ደህና ነበሩ" አሉ እትዬ ብርሃነሽ ነጠላቸውን እያስተካከሉ።

አጎቴ የእትዬ ብርሃነሽን ፊት ለረጅም ጊዜ አዩት። ይመኑ አይመኑ እስከ ዛሬ አልቆረጡም።