ኢንሱሊኔን ያቀዘቀዘችው ፀሐይ

ሕመሜን ከሐኪም በፊት ያወቁት ጉንዳኖች ናቸው። ሰኮሩ ከተማ አጠገብ መኪናዬን ከመንገድ አውጥቼ ሽንቴን ሸናሁ። ጎማ አይቼ፣ ውሃ ጠጥቼ ስመለስ ቦታው በጉንዳን ተወሯል። ልጆች ሳለን፣ ሽንቱን ጉንዳን የወደደለት ሰው ስኳር አለበት ሲባል እሰማ ነበር። ግን እኔ የሰማሁትን ሁሉ ለራሴ የምነግር ሰው አይደለሁም። አላፊ አግዳሚ የጣለው ጣፋጭ ነገር ይሆናል ብዬ ሞተሬን አስነሳሁ።

ሥራዬ የቡና መፈልፈያ ማሽን መጠገን ነው። ቀይ ቡና መለቀም ሲጀምር ከጅማ እወጣና አጋሮን፣ ጌራን፣ ሊሙን እዞራለሁ፤ የአንዱን ማጠቢያ ጣቢያ ማሽን ሳልጨርስ ሌላው ይደውላል። የምተኛው በሚኒባሴ ውስጥ ነው። የኋላ ወንበሮቹን ነቅዬ አልጋ፣ የመፍቻ ሣጥንና ትንሽ ምድጃ አስገብቼበታለሁ። ባለቤቴ ሃዋ ሚኒባሷን “ጣውንቴ” ነው የምትላት። በቡና ወቅት ከሃዋ ይልቅ ከእሷ ጋር ስለማድር ሐሜቱ መሠረት አለው።

ጥማቱ ባሰ። በጀሪካን እየያዝኩ መጠጣት ጀመርኩ። ሱሪዬ ከወገቤ እየወረደ ሲያስቸግረኝ ቀበቶዬን አዲስ ቀዳዳ በሳሁለት። ቀጥሎ ዓይኔ ፈዘዘ፤ መፍቻው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ማንበብ አቃተኝ። ዕድሜ ነው አልኩ፣ ለሃዋም እንደዚያው አልኳት። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ተረት ለሌላ ሰው የተተረተ ይመስለኝ ነበር።

ቤቴ ገብቼ ወደቅሁ። ሆዴን ቆረጠኝ። አስመለሰኝ። ትንፋሼ ፈጠነ። ሃዋ ወደ አፌ ጠጋ ብላ አሸተተችኝ። የበሰበሰ ፍራፍሬ ትሸታለህ አለችኝ። ወንድሟ ተሸክሞ ባጃጅ ውስጥ አስገባኝ። ሆስፒታል ስንደርስ ጣቴ ተወጋ። ግሉኮሜትሩ ቁጥር አልሰጠም። ስኳሬ መለኪያው ከሚቆጥረው በላይ ነበር።

“ዳያቤቲክ ኪቶአሲዶሲስ ይባላል” አለች ዶክተሯ ለሃዋ። “ሰውነታቸው ኢንሱሊን አጥቷል፣ ደማቸው ወደ አሲድ እየተለወጠ ነው። ዛሬ ባያመጧቸው ኖሮ...”

አልጨረሰችውም። ሃዋ ግን እስከ መጨረሻው ሰማችው። እጄን ያዘችኝ። አልለቀቀችኝም።

ፈሳሹም ኢንሱሊኑም በደም ሥሬ ሲገባ ቆይቶ ዓለም ቀስ በቀስ ተመለሰች። መጀመሪያ የተመለሰው የዶክተሯ ፊት ነው፣ ቀጥሎ የግድግዳው ሰዓት፣ ከዚያ የሃዋ ቁጣ፤ ቁጣዋን ስሰማ መዳኔን አመንኩ። ነርሱ መርፌ አወጋጉን በብርቱካን ላይ አለማመደኝ። የብረት ማሽን ሲፈታ የኖረ እጄ በገዛ ሆዴ ላይ ሲንቀጠቀጥ አይቶ ሳቀብኝ፣ እኔም ሳቅሁ። ከሆስፒታል ስወጣ ኢንሱሊን የዕድሜ ልክ ጓደኛዬ መሆኑን፣ ያልተከፈተው ብልቃጥ ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ እንዳለበት፣ በረዶ ከሠራ ደግሞ ጨርሶ እንደሚጣል ተነገረኝ።

ሃዋ ይህን እንደሰማች ፍርዷን ሰጠች፦ መኪናው ይሸጥ። የቡናው ወቅት ረጅም ነው፣ የምዞርበት አገር ገጠር ነው፣ ቆርቆሮ ለበስ መኪና ውስጥ ደግሞ ቀትር ላይ ቅቤ ይቀልጣል። ወንድሟ ገዢ እስከማምጣት ደረሰ። ሰውየው የሚኒባሴን ጎማ በጫማው ሲመታ ሳይ ወሽመጤ ተቆረጠ። እቤት ቁጭ ብዬ ምን ልሆን ነው? ማሽኖቹ እኮ ድምፃቸውን ሰምቼ የት እንዳመማቸው የማውቃቸው ናቸው። ለክትትል ስሄድ ይህንኑ ለዶክተሯ አማረርኩ፣ ማልቀስም ዳድቶኝ ነበር።

“እኔ የከለከልኩዎት ሙቀቱን ነው እንጂ መኪናውን አይደለም” አለችኝ።

ከዚያች ዓረፍተ ነገር በኋላ እንደገና ሰው ሆንኩ። በማግሥቱ ሁለት የሶላር ሰሌዳዎች፣ ከሞተሩ የተለየ ባትሪ፣ ቻርጅ መቆጣጠሪያ፣ ፊውዝ፣ ወፍራም ሽቦና በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፍሪጅ ይዤ ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሠፈር ያለው ግቢያችን ገባሁ። ሃዋ ዕቃውን አየችና አንድ ውል አስገባችኝ። የፍሪጁ ቴርሞሜትር ከስምንት ካለፈ፣ ግቢ ውስጥም ይሁን መንገድ ላይ፣ መኪናው ይሸጣል። እሺ አልኩ። ሌላ ምርጫም አልነበረኝም።

የሠራሁት ራሴ ነኝ፤ ሠፈሩ ደግሞ ቆሞ አስተያየት ሰጠ። ጣሪያው ላይ አንግል ብረት በቡሎን አሰርኩ፣ ሰሌዳዎቹን በላዩ አስቀመጥኩ። ከሥራቸው አየር እንዲገባ እጅ የሚያሾልክ ክፍተት ተውኩ፣ ሰሌዳ ሲግል ይሰንፋልና። መቆጣጠሪያውን መጀመሪያ ከባትሪው፣ ቀጥሎ ከሰሌዳዎቹ አገናኘሁ፤ ዕቃውን የሸጠልኝ ሰው ይህን ቅደም ተከተል ሦስቴ አስደግሞኛል። ቀዳዳዎቹን በሲሊኮን ደፈንኩ። የጅማ ዝናብ ወቅት አይጠይቅምና ሃዋ መሰላል ላይ ወጥታ ባልዲ ሙሉ ውሃ ጣሪያው ላይ ስትደፋ እኔ አልጋዬ ላይ ተንጋልዬ እጠብቃለሁ። የመጀመሪያዋ ጠብታ አፍንጫዬ ላይ አረፈች። ሃዋ ከላይ ሆና ስትስቅ መሰላሉ ተነቃነቀ። እንደገና ደፈንኩ፣ እንደገና ደፋች፤ በመጨረሻ አልጋዬ ደረቀ።

ኢንሱሊኑን ከማስገባቴ በፊት ፍሪጁን በውሃ ጠርሙስ ፈተንኩት። ከኋለኛው ግድግዳ ጋር የተነካካው ጠርሙስ በረዶ ሠራ፤ ስለዚህ መድኃኒቴን በጨርቅ ጠቅልዬ መሃል ላይ በፕላስቲክ ዕቃ አስቀመጥኩ። ግቢያችን ዛፍ የለውም፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነው። ቴርሞሜትሩ አምስት አለ፣ በነጋታውም አምስት፣ በሳምንቱም አምስት። ሃዋ ከፈለገች ትፈትሸው ብዬ ከአጠገቡ ራቅሁ፤ በቀን አሥር ጊዜ ፈተሸችው። ገዢውን አሰናበትነው።

የመጀመሪያ ጉዞዬ ወደ ጌራ፣ ወደ አባ ሚልኪ ማጠቢያ ጣቢያ ነበር። አባ ሚልኪ ሽማግሌ ናቸው፣ ማሽናቸውን ስጠግን ዘመናት አልፈዋል። መታመሜን ሰምተው ኖሮ አቅፈው ዱዓ አደረጉልኝ፣ ከዚያ ወዲያው ወደ ትልቁ ዋንዛ ጠቆሙ። “ማሎ ልጄ፣ ወደ ገዲሳው አስገባት” አሉኝ። ማሎ በኦሮምኛ እባክህ፣ ገዲሳ ደግሞ ጥላ ማለት ነው። በቡና አገር ጥላ ክብር ነው፤ ቡናው ከጥላ ሥር ያድጋል፣ እንግዳ ጥላ ሥር ይቀመጣል፣ መኪናም ጥላ ሥር ይቆማል። እኔም መሪ ከጨበጥኩ ጀምሮ ዛፍ ፈልጌ ነው የማቆመው። ሶላር ፀሐይ እንደሚፈልግ ጠፍቶኝ አልነበረም። ግን ቀና ብዬ ሳይ በቅጠሉ መሃል ብርሃን እየተንጠባጠበ ይወርዳል። ለቡናው የበቃ ብርሃን ለእኔም ይበቃል አልኩ።

አልበቃም። ማሽኑን ፈትቼ ስገጥም ሁለት ቀን አለፈኝ፣ በሦስተኛው ጠዋት ብልቃጥ ላወጣ ፍሪጁን ስከፍት ቀዝቃዛ አየር አልመጣም። ቴርሞሜትሩን አየሁ። አሥራ አራት። ክው አልኩ። መቆጣጠሪያው ላይ ቀይ መብራት በርቷል። ሽቦ ፈታሁ። ፊውዝ አየሁ። ሁሉም ደህና ነው። በቃ፣ መድኃኒቴ ተበላሽቷል፣ መኪናዬም ተሽጣለች አልኩ።

መጀመሪያ ዶክተሯ ጋ ደወልኩ። በእርጋታ አዳመጠችኝ። “አሥራ አራት ዲግሪ አያበላሸውም” አለችኝ። “ለአንድ ወር ከፍሪጅ ውጪም ይቆይ ነበር። ዛሬ ከፍሪጅ እንደወጣ ይቁጠሩት፣ ቀኑን ይጻፉበትና እሱን ያስቀድሙ።” ትንፋሼ ተመለሰ። ከዚያ ከባዱን ስልክ ደወልኩ። ለሃዋ ምንም ሳልደብቅ ነገርኳት፣ ቁጥሩንም ጭምር። “ይሸጥ” እስክትለኝ ጠበቅሁ።

“መኪናውን የት ነው ያቆምከው?” አለችኝ።

ቀና ብዬ ዋንዛውን አየሁት። ዋንዛ ሥር አልኳት። ሳቋ ከስልኩ አልፎ አባ ሚልኪ ዘንድ ደረሰ።

“እንግዲህ መሸጥ ያለበት ዛፉ ነው” አለችኝ። “በል መኪናዬን ፀሐይ ላይ አውጣልኝ።”

መኪናዬን አለች። ጣውንቴ አላለችም።

ጌራ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የማይጠፋበት ቦታ አንድ ነው፤ ቡና የሚሰጣበት። የማድረቂያ አልጋዎቹ የተደረደሩበት ሜዳ ላይ ዛፍ አይተከልም። ሚኒባሷን ከአልጋዎቹ ጎን ሳቆማት ቀይዋ መብራት ጠፍታ አረንጓዴዋ በራች፤ አመሻሽ ላይ ፍሪጁ ስድስት አለ። አባ ሚልኪ ግን ተጨነቁ። እንግዳውን ፀሐይ ላይ ጣለው ብሎ አገሩ ያማኛል አሉ። ነገሩን ከሥሩ አስረዳኋቸው፤ ከጉንዳኖቹ ጀምሬ ጥማቱን፣ ቀበቶውን፣ ዓይኔን፣ ሆስፒታሉን ሁሉ ነገርኳቸው። ቆየት ብለው ዱካና ጃንጥላ ይዘው መጡና ብቻዬን ፀሐይ እንዳይመታኝ አጠገቤ ተቀመጡ። ቡናውን የምታገላብጠው ሴት ሁለታችንን በአንድ ጃንጥላ ሥር አይታ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

አባ ሚልኪ እጃቸውን ሰደው ከአልጋው ላይ አንድ የቡና ፍሬ አነሱ፣ መለሱት።

“ልጄ፣ ጉንዳኑ እኔም ዘንድ መጥቷል” አሉኝ።

ከተመረመሩ ቆይተዋል። ኪኒኑ አልበቃ ስላለ ኢንሱሊን እንዲጀምሩ ጤና ጣቢያው ነግሯቸዋል። እሳቸው ግን ማስቀመጫ የለኝም ብለው ተመልሰዋል፣ ለልጆቻቸውም አልነገሩም። ማሽኑን ጠግኜ ስጨርስ ከጎኔ አስቀምጬ ጅማ አመጣኋቸው። ዶክተሯ የተከፈተውን ብልቃጥ በሸክላ ገንቦ እንዴት እንደሚያቀዘቅዙ አሳየቻቸው፤ ትንሿን ገንቦ ትልቋ ውስጥ አስገብቶ፣ በመሃሉ አሸዋ ሞልቶ፣ አሸዋውን በውሃ ማራስ ነው። ያልተከፈተውን ደግሞ እኔ አደርስላቸዋለሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ሁለታችንም ደህና ነን፤ እሳቸው እንዲያውም ከእኔ ወፍረዋል።

ይህን የምታነቡ፣ አዲስ ስኳር የወጣባችሁ ወይም የምታስታምሙ፣ ጥማቱን ለዕድሜ አትስጡት፣ በጊዜ ተመርመሩ። ሐኪማችሁ አንድ ነገር ሲከለክላችሁ የተከለከለው በትክክል ምን እንደሆነ ደግማችሁ ጠይቁ፤ እኔ ለዶክተሬ አንዴ በማማረሬ ግማሽ ሕይወቴ ተመልሶልኛል። ሶላር የምትሰቅሉ ደግሞ ቡና በሚበቅልበት አትቁሙ፣ ቡና በሚሰጣበት ቁሙ። ዶክተሬን፣ በብርቱካን ያስተማረኝን ነርስ፣ ተሸክሞ ያደረሰኝን የሃዋን ወንድም አመሰግናለሁ። ሃዋን ማመስገኛ ቃል አላገኘሁም፤ አሁን ራሷ አብራኝ ትዞራለች። እጄ በልማድ መሪውን ወደ ዛፍ ሲያዞር “ወደ ፀሐይ” ትለኛለች።

ባለፈው ጌራ ስንገባ ፍሪጁ ውስጥ የእኔና የአባ ሚልኪ ብልቃጦች ጎን ለጎን ነበሩ፣ ቴርሞሜትሩ አምስት ይላል። ከማድረቂያ አልጋዎቹ ጎን አንድ መኪና የሚያክል ቦታ ተጠርጎ፣ ዙሪያውን በድንጋይ ታጥሯል። አባ ሚልኪ ጃንጥላቸውን ዘርግተው መሃሉ ላይ ቆመዋል፤ ሌላ መኪና እንዳይገባበት ከጠዋት ጀምረው ከዋንዛው ጥላ ወጥተው ሲጠብቁን ነበር።